ዐርብ ከሰዓት፣ አርድ ኤል ሊዋ

በካይሮና በአካባቢዋ ሐበሻ ከሚበዛባቸው ሰፈሮች አንዱ ጊዛ ያለው አርድ ኤል ሊዋ ነው። ከሙሐንዲሲን ሰፈር መጥተው የባቡሩን ሐዲድ ሲሻገሩ ይጀምራል። ከሐዲዱ ወዲህ ባንክ፣ ክሊኒክና የልብስ መደብር አለ። ከወዲያ ልስን ያልነካው ቀይ ጡብ ፎቅ፣ ፀሐይ የማይገባበት ቀጭን መንገድ፣ እኛ ባጃጅ የምንለው ቱክቱክ። በርበሬና ሽሮ የሚሸጥ ሱቅ ታገኛላችሁ፤ ዕጣን አጭሳ ቡና የምታፈላ ሴትም አትጠፋም። ከፎቆቹ በአንዱ፣ ሦስተኛው ደርብ ላይ፣ ስደተኞች ተከራይተው ትምህርት ቤት ያደረጉት አፓርታማ አለ። ሳሎኑ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ወጥ ቤቱ ቢሮ። በፈቃደኝነት እንግሊዝኛ የማስተምረው እዚያ ነው።

ቀኑ ዐርብ የሆነበት ምክንያት አለው። ግብፅ የምታርፈው ዐርብ ስለሆነ ሙስሊሙ ጁምዓውን ይሰግዳል፣ ክርስቲያኑም እሑድ ሥራ ላይ ስለሚውል ብዙውን ጊዜ የሚያስቀድሰው ዐርብ ነው። ከመስጊድም ከቅዳሴም መልስ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹ ይሰበሰባሉ። እኔም ሌላውን ቀን ሰው ቤት ስለምሠራ የምገኘው ያኔ ብቻ ነው። አሠሪዬ ደግ ሴት ናት፤ በነፃ እንደማስተምር ስትሰማ ግን "መጃነን?" (በነፃ?) ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። እኔ ደሴ እያለሁ መምህርት እንደነበርኩ ነግሬያት አታውቅም፣ እሷም ጠይቃኝ አታውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ወለል የሚወለውለው እጄ ዐርብ ማርከር ሲይዝ ደስ ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ፈቃደኝነቴ ይኸው ነው።

ልጆቹ የሱዳን፣ የደቡብ ሱዳን፣ የኤርትራና የእኛው ናቸው። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ የሱዳኖቹ ቁጥር በአንድ ጊዜ አሻቀበና ለሁለት የተሠራ ዴስክ አራት ያስቀምጥ ጀመር። ለምን የመንግሥት ትምህርት ቤት አይገቡም ለሚል ሰው መልሱ ከሕግ ይጀምራል። ግብፅ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1981 ስትቀበል አንዳንድ አንቀጾችን ለይታ ትታለች፤ ከተተዉት አንዱ ስለ ትምህርት የሚደነግገው 22ኛው አንቀጽ ነው። ሱዳኖች በሌላ ውሳኔ ተፈቅዶላቸዋል፣ ወረቀቱን አሟልቶ ቦታ ማግኘት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ለኤርትራና ለኢትዮጵያ ልጅ በሩ ከዚያም ይጠባል። ስለዚህ ስደተኛው በየሰፈሩ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ብዙዎቹ የሚያስተምሩት በሱዳን ሥርዓተ ትምህርት ነው። ደሴ የተወለደች ልጅ ጊዛ ተቀምጣ ስለ ገዚራ የጥጥ እርሻ ታጠናለች።

ደብተራቸውን ያየ ሰው ይገርመዋል። ዐረብኛው ከቀኝ ይጀምራል፣ እንግሊዝኛው ከግራ። ደብተር ውድ ስለሆነ ሁለቱም አንዱ ደብተር ላይ ከሁለት ጫፍ ይጻፋሉ፤ መሐል ላይ ሲገናኙ አዲስ ደብተር ይለመናል።

የድምፅ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። ዐረብኛ "ፐ" ስለሌለው ሱዳኖቹ "ፔን"ን "ቤን"፣ "ፒፕል"ን "ቢብል" ይሉታል። የእኛዎቹ በበኩላቸው "ስኩል" ማለት ይከብዳቸውና "እስኩል" ይላሉ። ለ"ፐ" አንድ ዘዴ አለኝ። ከደብተር ጠርዝ ቀጭን ወረቀት ቀድጄ ከከንፈራቸው ፊት እንዲይዙ አደርጋለሁ። "ፐ" ሲሉ ወረቀቷ ትርገበገባለች፤ "በ" ካሉ አትንቀሳቀስም። አንድ ቀን የእኛ ሰፈር ልጅ ተነሥቶ "ቲቸር፣ በ'ጰ'ም ሞክሪው" አለኝ። "ጴጥሮስ" አለ፣ ወረቀቷ ዝም። "ፔን" አለ፣ ተርገበገበች። ሱዳኖቹ "ጰ"ን ለመሞከር ጉሮሯቸውን ሲያስጨንቁ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ብዙውን ጊዜ በዐረብኛው የሚሳቅበት ሐበሻው ነው፤ ያን ቀን ተራው ዞረ፣ እኔም ዝም ብዬ አየኋቸው።

ወላጆቹ እንግሊዝኛን የሚያዩት ከአውሮፕላን ጋር አያይዘው ነው። "ፕሮሰስ" የሚሏት ነገር አለች፦ ዩኤን መመዝገብ፣ ቢጫ ካርድ፣ ከተሳካ ሰማያዊ ካርድ፣ ከዚያ ኢንተርቪው፣ ከዚያ አሜሪካ ወይም ካናዳ። አንዲት የጅማ እናት "እህቴ፣ ለኢንተርቪው የሚሆነውን ብቻ አስተምሪልኝ፣ ሌላው ይቅርባት" አለችኝ። ለኢንተርቪው አስተርጓሚ እንዳለ፣ ዩኤንም ለሦስተኛ አገር የሚያጨው የችግሩን ክብደት አይቶ እንጂ እንግሊዝኛ ፈትኖ እንዳልሆነ አስረዳኋት። ፊቷን አይቼ እንዳላመነችኝ ገባኝ። እንዴትስ ትመን? የልጇን ዕድል የማታውቀው መሥሪያ ቤት ከሚይዘው ይልቅ ልጅቷ በምታጠናው ነገር ቢወሰን ለእናት ይቀላል። በጥር 2017 አሜሪካ የስደተኛ ቅበላዋን ስታግድ ሻንጣ ለገዙ ቤተሰቦች ሳይቀር ጉዞው ተሰረዘባቸው። በቀጣዩ ዐርብ ከተለመደው ያነሰ ልጅ መጣ።

እኔ ስለማስተምረው ነገር ሐሳቤን የቀየርኩት ከዚያ በፊት ነው። በእጃችን ያለው መጽሐፍ ልጆቹን ስለ በረዶና ስለ ባሕር ዳር ሽርሽር ያስለፈልፋቸዋል። ቤት ሲገቡ ግን እናታቸው የመድኃኒት ካርቶን ይዛ ትጠብቃቸዋለች። ግብፅ ውስጥ የመድኃኒት ካርቶን ብዙውን ጊዜ በአንድ ፊቱ ዐረብኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ ነው፤ እናትየው ሁለቱንም አታነብ ይሆናል። ስለዚህ ባዶ ካርቶን ሰብስባችሁ አምጡ አልኳቸው። የእንግሊዝኛ ንባብ ከዚያ ወዲህ እሱ ሆነ፦ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን። "ኪፕ አውት ኦቭ ሪች ኦቭ ቺልድረን" የሚለው ላይ ስንደርስ፣ ከልጆች እጅ ይራቅ ማለት መሆኑ ሲገባቸው ተያይተው ሳቁ፤ ለቤታቸው መድኃኒት የሚያነቡት እነሱ ናቸዋ! ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ የሚለውን ሲያነብ ደግሞ አንዱ የካርቱም ልጅ "ታዲያ በነሐሴ የት እናስቀምጠው?" አለ። ፍሪጅ የሌለው ቤት ልጅ ስለሆነ ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። የፋርማሲውን ሰው እንዴት እንደሚጠይቅ በእንግሊዝኛም በዐረብኛም ተለማመድን።

ይህን ሳደርግ የሚከራከሩኝ አሉ። የልጆቹን ተስፋ አሳነስሽ የሚሉኝ በተለይ ከአውሮፓ ለበጋ የሚመጡት ፈቃደኞች ናቸው። ክፉ ልጆች አይደሉም፤ ፊኛ ይዘው ይመጣሉ፣ ዘፈን ያስተምራሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ሲሄዱም ከልባቸው ያለቅሳሉ። ጣጣው ሁሉም "ማይ ኔም ኢዝ" ብለው ከአንድ መጀመራቸው ነው። ክረምቱ ሲመጣ ሌላዋ ትመጣና እንደገና "ማይ ኔም ኢዝ"። አንዳንዱ ልጅ ቀለማትን በየዓመቱ ከአዲስ ሰው ጋር ይማራል፤ ያለፈ ጊዜ ግስ ላይ ደርሶ ግን አያውቅም። ከክፍሉ ሁሉ አንድም ስሕተት ሳይገባበት የሚነገረው ዐረፍተ ነገር "ዌን አር ዩ ሊቪንግ?" ነው። ማንም አላስተማራቸውም፤ ከስንብት ብዛት ራሳቸው አጣሩት።

በጎ ፈቃድ ሲባል ሁሌ ስለ ልብ ይወራል። እኔን ቢጠይቁኝ ልብ ሞልቷል፤ የጠፋው መዝገብ ነው። ማን የት ገጽ እንደደረሰ፣ ማን "ፐ" እንዳስቸገረው፣ ማን ሰሌዳው ስለማይታየው ከፊት መቀመጥ እንዳለበት የጻፈ ሰው አልነበረም። እኔ ሁልጊዜ አልኖርም፤ የእኔም ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሚያልቅበት ቀን አለው። ስለዚህ በሱዳናዊቷ ርእሰ መምህርት ጠረጴዛ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ የያዘ ትልቅ ደብተር አኖርኩ። ማንም የሚያስተምር ሰው ከመውጣቱ በፊት ሁለት መስመር ይጽፍበታል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ከሊዮን መጥታ ምን ይዤ ልምጣ ብላ ጠየቀችኝ። ፊኛው ይቅር፣ ሰማያዊ ማርከር ስላለቀብን እሱን ግዢ አልኳት። ደብተሩንም ሰጠኋት። አሥረኛው ገጽ ላይ ያለው ልጅ ከኋላ እንደሚቀመጥ፣ ያለፈ ጊዜ ግስ ጀምሮ እንደቆመ ጽፌያለሁ፤ በዐርቡ ከዚያው እንድትቀጥል፣ ስሟንም ከትምህርቱ በኋላ እንድትነግራቸው።