ሻምፒዮን የሚተከልበት ግቢ

ከኬንያዋ ኤልዶሬት የተሳፈርኩበት ማታቱ የሚባል ሚኒባስ ዳገቱን ሲያያዘው አገሩ አሰላ አሰላ ይለኝ ጀመር። ቀይ አፈሩ፣ ባሕር ዛፉ፣ አጥር ጥግ የታሰረችው ላም፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላም ጆሮ የሚቆነጥጠው ነፋስ፣ ሁሉም የማውቀው ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጎመን የሞላ ማዳበሪያ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈዋል። መንገዱን ተሻግሮ የቆመው ቅስት ብቅ ሲል በክንዳቸው ጎሸም አድርገው አሳዩኝ። ጽሑፉ ኢቴን የሻምፒዮኖች ቤት መሆኗን ይናገራል። ገና ከሥሩ ሳናልፍ ሃያ የሚሆኑ ሯጮች ከፊት ለፊታችን መጡና በመስኮቴ ስር ሽው ብለው አለፉ። የትንፋሻቸውን ድምፅ ሰማሁት!

አሰላ ተወልጄ በቆጂ እየተመላለስኩ ያደግሁ ነኝና ሯጭ ብርቄ አይደለም። በእኛ አገር ግን ሯጭ ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ጫካ ይገባል፤ ከተማው ሲነቃ እሱ ጨርሶ ቁርሱን ይበላል። ኢቴን ላይ ረፋዱም፣ ከሰዓቱም የሩጫ ነው። በሞተር ሳይክሎቹና በሸቀጥ ጋሪዎቹ መካከል ይሮጣሉ፣ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይሮጣሉ፣ ቀና ብሎ የሚያያቸው ግን የለም። እኔ ብቻ በእያንዳንዱ ቡድን አንገቴን አዞራለሁ። እንግሊዛዊው ሞ ፋራህ ሳይቀር ለልምምድ የሚመጣው እዚህ ነበር። ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን ከእኛው በቆጂ ዝቅ ይላል። ከከተማዋ ጥቂት ስትራመዱ ምድሩ ድንገት ያልቅና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ኬሪዮ ሸለቆ ይወርዳል። አፋፉ ላይ ቆሜ ስምጥ ሸለቆን አየሁ፤ አሰላም ዳር ላይ የተቀመጠችው የዚሁ ስምጥ ሸለቆ ነው። ከቤቴ ይህን ያህል ርቄ እዚያው ሸለቆ ጠርዝ ላይ መቆሜን ሳስብ ደስታው ሳቅ አመጣብኝ።

የሄድኩት ግን የቅዱስ ፓትሪክን ትምህርት ቤት ለማየት ነው። በ1961 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) አየርላንዳውያን ካቶሊክ ብራዘሮች የከፈቱት የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ጥበቃው መታወቂያዬን ተቀብለው ቢሮ ላኩኝ፤ ከቢሮው ደግሞ አንድ ድምፁ ገና መጎርነን የጀመረ ተማሪ አብሮኝ ወጣ። የክብር አዳራሽ፣ ዋንጫ የተደረደረበት የመስታወት ሳጥን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ያሳየኛል ብዬ ስጠብቅ ልጁ ሣሩን አቋርጦ አንድ ዛፍ ሥር ወሰደኝ። ከዛፉ ግርጌ ትንሽ ሰሌዳ ቆማለች። የቀድሞ ተማሪ ስም አለባት፤ ከስሙ በታች ያመጣው ድል።

ቀጥሎ ሌላ ዛፍ፣ ሌላ ሰሌዳ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ!

ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ዓለምን ሲያሸንፍ ግቢው ውስጥ ዛፍ ይተከልለታል። ገባኝና እንደ ሕፃን ከአንዱ ወደ ሌላው መሮጥ አማረኝ። የቀደሙት ሻምፒዮኖች ዛፎች ግንዳቸው ወፍሯል፤ የኋለኞቹ ገና ቀጫጭን ናቸው። ድሉ ስንት ዓመት እንደሆነው ከቁመታቸው ይታያል። ልጁም ስሞቹን ሰሌዳ ሳያይ እንደ ዳዊት በቃሉ ይወርዳቸዋል።

ፒተር ሮኖ። እኛ በሌለንበት በ1988ቱ የሶል ኦሎምፒክ 1,500 ሜትር ሲያሸንፍ ገና 21 ዓመቱ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በርቀቱ ከእሱ በዕድሜ ያነሰ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን አልነበረም። ማቲው ቢሪር። በ1992 ባርሴሎና የ3,000 ሜትር መሰናክል ወርቅ፤ የእኛዋ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ታሪክ በሠራችበት በዚያው ኦሎምፒክ። ኢብራሂም ሁሴን ሲለኝ ግን ቆምኩ። በ1963 አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ቦስተን ሄደው ውድድሩን ለረጅም ርቀት ከመሩ በኋላ አበበ አምስተኛ፣ ማሞ አሥራ ሁለተኛ መውጣታቸውን አባቴ ሲቆጭ ሰምቼ ነው ያደግሁት። ከ25 ዓመት በኋላ ታንዛኒያዊውን ጁማ ኢካንጋን በ1 ሰከንድ ቀድሞ ቦስተንን ያሸነፈ የመጀመሪያው አፍሪካዊ የዚህ ግቢ ተማሪ ነበር። አባቴ አብሮኝ በነበረ!

ከዚያ ዊልሰን ኪፕኬተር መጣ። ከዚህ ተምሮ ዴንማርክ ሄደ፣ ለዴንማርክም ሮጠ። በ1997 ሰባስቲያን ኮ ከ1981 ጀምሮ ይዞት የቆየውን የ800 ሜትር ክብረ ወሰን ሰብሮ 1:41.11 ላይ አደረሰው። 13 ዓመት የነካው አልነበረም። በ2010 የነጠቀው ዴቪድ ሩዲሻ ደግሞ ኢቴን ውስጥ በሌላ ትምህርት ቤት የተማረ ቢሆንም አሠልጣኙ እዚሁ ግቢ የሚኖሩት ብራዘር ኮልም ኦኮነል ነበሩ። ለንደን ላይ በ2012 ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው መርቶ 1:40.91 ሲገባ ያላየ አለ?

ብራዘር ኮልም ከአየርላንድ የመጡት በ1976 ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ነው። ሯጭ አልነበሩም፣ አሠልጣኝነትም አልተማሩም። ቡድኑን ያሠለጥን የነበረው ፒተር ፎስተር የሚባል እንግሊዛዊ መምህር ሲሆን ወንድሙ ብሬንደን ፎስተር በዚያው ዓመት ሞንትሪያል ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቷል። ያ ውድድር በአፓርታይድ ምክንያት አብዛኛው አፍሪካ ጥሎ የወጣበት፣ የእኛው ምሩጽ ይፍጠር ሳይሮጥ የቀረበት ነው። ፎስተር ሲሄድ ሥራው የጂኦግራፊ መምህሩ ላይ ወደቀ። ለአጭር ጊዜ የመጡት ሰው በዚያው ቀሩ።

ይህን ስሰማ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ዓይኔ ላይ መጡ። እሳቸውም መምህር ነበሩ፤ በቆጂ ላይ ስፖርት እያስተማሩ ነው እነ ደራርቱን፣ እነ ቀነኒሳን፣ እነ ጥሩነሽን ያወጡት። ሁለት ደጋ ከተሞች፣ በእያንዳንዳቸው አንድ መምህር፣ የዓለም ሩጫ ከዚያ ይቀዳል! ልጁን ይዤ ስለ በቆጂ ማውራት ጀመርኩ። የእኛ ትልቁ ኩራት ሴቶቹ መሆናቸውን፣ ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ማራቶንን ማሸነፏን፣ ዲባባዎቹ እህትማማቾች መሆናቸውን ስነግረው የወንዶች ትምህርት ቤት ልጅ አፉን ከፍቶ አዳመጠኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በእኛ አገር አትሌት አይከበርም ማለቴ አይደለም። አበበ ስታዲየም አለው፣ ኃይሌ ጎዳና፣ ጥሩነሽ ሆስፒታል። እነዚህ ግን አዲስ አበባ ናቸው፤ ልጁ መጀመሪያ በባዶ እግሩ ከሮጠበት ሜዳ ሩቅ። የኢቴን ዛፍ ግን ሻምፒዮኑ ደወል ሲደወል ይሮጥ በነበረበት ግቢ ነው ያለው። አሁን ከጥላው ሥር ሁለት ተማሪዎች ለፈተና ያጠናሉ፤ አንዱ ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ የሒሳብ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ቀና ብሎ የዓለም ሻምፒዮን ስም ያነብባል፣ መልሶ ሒሳቡን ይሠራል። ይህንን እንዴት እንደወደድኩት! በበቆጂ ትምህርት ቤቶች ግቢ ጽድና ወይራ ሲተከል ታየኝ፤ የደራርቱ ወይራ ዛሬ ስንት ተማሪ ያስጠልል ነበር።

ልጁ የት እንደተወለድኩ ጠየቀኝ። አሰላ አልኩት።

«መሐመድ አማን!» ብሎ ጮኸ።

ደነገጥኩ። የአሰላው ልጅ መሐመድ አማን በ2011 ሪዬቲ ላይ፣ ለረጅም ጊዜ ያልተሸነፈውን ሩዲሻን እንዴት እንደቀደመው ይህ ልጅ ያውቃል። ያኔ በጣም ትንሽ ነበር፣ ምናልባትም አልተወለደም። ቂም ያለበትም አይመስልም፤ የመጨረሻዎቹን ሜትሮች በእጁ እያሳየ ይተርክልኝ ጀመር። እኔ ስለ ኪፕኬተር፣ እሱ ስለ መሐመድ፣ ተቃቅፈን ልንጨፍር ምንም አልቀረንም።

ከሰዓት ሜዳው ላይ ልምምድ ተጀመረ። ኪሎ ሜትር የሚቆጥሩ መስሎኝ ነበር፤ ትንንሾቹ ግን ጉልበት ማንሳት፣ ትከሻ ማላላት፣ ቀጥ ብሎ መሮጥ ነበር የሚማሩት። አንደኛው እግሩ መሬት ሲነካ ምንም ድምፅ የለውም። ዓይኔን ከእግሩ መንቀል አቃተኝ። ዛፍ የሚተከልለት እሱ ይሆን?

ማታ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት የሆኑት ሴትዮ ሙርሲክ አቀረቡልኝ። በከሰል የታጠነ ቅል ውስጥ የከረመ እርጎ ሲሆን ሲቀዳ አመድማ ሰማያዊ ይሆናል፤ አሸንፎ የሚመለስ አትሌት ኤልዶሬት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚቀበሉት በዚሁ ነው። አፌ ውስጥ መጀመሪያ ጭሱ፣ ቀጥሎ ኮምጠጤው መጣ፤ በወይራ የታጠነው የአርሲ ወተት ዘመድ መሆኑን ምላሴ ወዲያው አወቀ። ሁለተኛ ቅል ጠየቅኩ፤ እሳቸውም ሳቁ። ነገ ሐሙስ ስለሆነ መቶዎች አንድ ላይ ፋርትሌክ የሚሮጡበት ቀን ነው፤ አንዴ ፈጥነው አንዴ ቀዝቅዘው፣ አቧራውን እያስነሱ። ስንት ሰዓት እንደሚጀመር ስጠይቃቸው ሦስት ሰዓት አሉኝ፣ ልክ እንደ እኛ ከንጋት ቆጥረው። እኔ ግን በሁለት ሰዓት መንገዱ ዳር ነኝ። ጫማዬንም አውጥቼ በር ላይ አስቀምጫለሁ፤ ከኋላ ካሉት ጋር የመጀመሪያውን ዳገት እሞክራለሁ።