ሁለት ሰው የቀረው!

መገናኛ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል። ዝናብ። የሰሚት ሰልፍ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ጫፉ አይታይም። ሚኒባስ የለም። ተራ አስከባሪው እንኳ ተስፋ ቆርጦ ጥግ ይዟል።

እንዲህ ሲሆን ሰልፉ ራሱ ሥራ ይጀምራል። አንዱ ወጣ ይልና «ሰሚት፣ ራይድ ተጋርቶ የሚሄድ!» ብሎ ይጣራል። ከዚያ መተያየት ነው። አራት ሰው ሲሞላ ቪትዟ ትጠራለች፣ ሒሳቡ ለአራት ይካፈላል፣ አለቀ። ደላላ የለው፣ ኮሚሽን የለው።

ነገሩ ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም። ወላጆቻችን በሴይቼንቶ ከማያውቁት ሰው ጋር ተጠጋግተው ሄደዋል። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚቀመጥባት ታክሲማ ስሟ ራሱ «ውይይት» ነበር።

ፈረንጆቹ ደግሞ በሒሳብ ሠርተውታል። የኤምአይቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ መንገዳቸው የሚገጥም ሰዎች በደንብ ከተጣመሩ፣ አራት አራት ሰው የሚይዙ 3,000 መኪኖች የኒውዮርክን የታክሲ ፍላጎት 98 በመቶ ይሸፍናሉ። ከተማዋ ያኔ ከ13,000 በላይ ቢጫ ታክሲዎች ነበሯት። ይህን ያነበብን ቀን «መጥታችሁ መገናኛን እዩልን!» ብለን ሳቅን።

ግን ስሌቱ የሚቆጥረው መንገድና ደቂቃ ነው። እኛ ሌላም የምንቆጥረው አለን።

እኛ ማለት አንድ ኮንዶሚኒየም የተከራየን ሁለት ሴቶች ነን። አምና ከመካከላችን አንዷ ብቻዋን መኪና ተጋርታ ስትመጣ፣ አብሯት የወረደው ሰው እስከ ብሎካችን ደረጃ ድረስ ተከተላት። ጥበቃው ስለነበሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣን፦ ታርጋ ፎቶ ይነሳል፤ በራችን ድረስ አንወርድም፤ ብቻውን የሆነ ወንድ አናስገባም። ራይድን የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ ሐሳቡ የመጣላት አምሽታ ስትሠራ ታክሲ ፍለጋ ትቸገር ስለነበር መሆኑን ተናግራለች። በጣም ይገባናል።

በዚያ ዝናብ «ሁለት ሰው የቀረው!» ብለን ተጣራን። መጀመሪያ ነጠላ የለበሱ እናት መጡ። ቀጥሎ ቦርሳውን በፌስታል የሸፈነ ልጅ፣ «እኔም ሰሚት ነኝ» አለ። ተያየን። «ሞልቷል» አልነው።

አልሞላም ነበር። እሱም አይቷል። ከኋላው የነበረችውን ልጅ ጠራንና ገባን። ልጁ ምንም አላለም፤ ወደ ሰልፉ ሲመለስ ግን ቦታው ተይዞ ነበር።

መኪናው ውስጥ ዝም ዝም ሆነ። ትንሽ ሄድ እንዳልን ማዘር፣ «ልጁ ቀድሞ ነበር እኮ» አሉ።

«ማዘር፣ ሲመሽ ያስፈራል» አልናቸው።

«ልክ ናችሁ። እኔም ሴት ልጄን እንዲሁ ነው የምመክራት» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ወንድሟም ግን እንዲህ ዝናብ ላይ እየቀረ ነው መሰለኝ የሚያመሸው።»

መልስ አልነበረንም። እስካሁንም ሙሉ መልስ የለንም። ፍርሃታችን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ልጁም ምንም አላደረገም። ሁለቱም እውነት ነው። ደረጃው ላይ ተከትሎ ለመጣው ሰው የሚገባውን ግን የከፈለው የፌስታሉ ልጅ ነው።

ሕጉን አልሻርነውም፤ አሻሻልነው። ሁለታችን አብረን ከሆንን፣ ሰልፍ ላይ የቀደመ ይገባል። ወንድ ከሆነ ጋቢና ይቀመጣል፤ እኛ ከኋላ። ብቻችንን ከሆንን የድሮው ሕግ ይሠራል፤ ማንም ቢቀየም።

ባለፈው ሳምንት ተሞከረ። «ወንድሜ፣ ጋቢና ግባ» አልነው። ገባ። መንገዱን በሙሉ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ሲነካካ ነበር። ድርሻውን ከፍሎ ከእኛ ቀድሞ ወረደና፣ «ደህና እደሩ» ብሎን ሄደ።

«ደህና እደር» አልነው። እውነቱን እንናገር ካልን ግን፣ እስኪወርድ ድረስ የእኛም እጅ ስልካችን ላይ ነበር።