የካምቢዮው ዘይት ነገር

አዳማ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ሥራሽን ልትጀምሪ ወደ ባቱ ስትሄጂ ኮሮላዋን ይዘሽ እንድትወጪ እናትሽና እኔ ተስማምተናል። ከአሁን ወዲያ መኪናዋ ያንቺ ናት። ስለ ጎማና ስለ ፍሬን የምነግርሽ የለኝም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ እያየሽ ያደግሽው ነው። ይህን የምጽፍልሽ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮው ዘይትና ፊልትሮ። የሞተር ዘይት ሁሉም ይቀይራል። የካምቢዮው ግን ትዝ የሚለው ማርሹ መንሸራተት ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዘይት መቀየሩ አያድነውም።

ዛሬ መኪና እንደ ድሮው አይተካም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ በእጅሽ ያለችውን ማቆየት አለብሽ፤ የዚህች መኪና ዕድሜ ደግሞ ከሞተሩ ይልቅ በካምቢዮው የሚወሰን ይመስለኛል።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ማንዋል መኪና ፍሪሲዮን አለው፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ደረቅ ሸራ ነው። በአውቶማቲክ ግን መኪናዋ ስትነሣ ጉልበቱን የሚያሻግረው ዘይቱ ራሱ ነው። ማርሹን የሚቀይረው የዘይቱ ግፊት ነው፤ ብረቱን የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም እሱው ነው። ቶርክ ኮንቨርተር በሚባለው ክፍል ውስጥ ሲናጥ ይሞቃል፤ ይበልጥ የሚሞቀውም መኪናዋ ቆም ቀስ ስትል ነው። ከሞጆ በመቂ ወደ ባቱ በሚወስደው የክፍያ መንገድ እኩል ፍጥነት ይዘሽ ስትነጂ ካምቢዮው ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው እዚህ አዳማ ከባጃጅ ኋላ በየፍጥነት መቀነሻው ስትንፏቀቂ፣ ወይም በቀትር ሙቀት ጭነት ይዘሽ ከመተሐራ ሽቅብ ስትመለሺ ነው፤ ያ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ያስወጣል። የሙያው ሰዎች የሚመሩበት ግምት አለ፦ ዘይቱ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሠራ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ከዚያ በላይ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ግን ዕድሜው በግማሽ እያጠረ ይሄዳል። አንዳንድ አምራቾች «የዕድሜ ልክ ዘይት» ሲሉ ሰምተሽ ይሆናል። ለእኛ ሙቀት፣ አቧራና ሽቅብ እኔ ያንን አልቀበልም፤ በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሪ።

ዘይቱ የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ አልፎ ነው፤ የራዲያተር ውሃ ቸል ያለ ሰው ካምቢዮውንም ይጎዳል። ዘይቱ ወተት እንደተቀላቀለበት የእንጆሪ ጭማቂ ሆኖ ካየሽው ውሃ ገብቶበታልና ሞተሩን አጥፊ፤ ጋራዥ ድረስም ቢሆን አትንጂያት።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ እዚሁ ግቢያችን እንቀይራለን፤ ቁልፉን የምትይዢው ግን አንቺ ነሽ። በማለዳ እንጀምር። የአዳማን ነፋስ ታውቂዋለሽ፤ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩበት ነፋስ ነው፤ ከተነሣ በኋላ የተከፈተ ካምቢዮ ውስጥ አቧራ ይነዛል። መጀመሪያ መኪናዋን ትንሽ ነድተሽ ዘይቱ ይሙቅ፤ ከዚያ እንዳያቃጥልሽ ጥቂት ጠብቂ። ጎማዎቹ ሥር ታኮ አስገቢ፤ በክሪክ ካነሣሻት በኋላ በብረት መደገፊያ ላይ አሳርፊያት። ብሎኬት እንዳትጠቀሚ፤ ውስጡ ባዶ ነውና ሳይታሰብ ይፈረካከሳል። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ክንድሽን እንኳ አታስገቢ። በዚህ ነገር ከማንም ጋር አልደራደርም።

መኪናዋን በክሪክ ከማንሣትሽ በፊት የዘይቱን ልክ በመለኪያ ዘንጉ አይተሽ ጻፊ። የወጣውን ዘይት ከሳፋው ወደ አንድ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙሶች ገልብጪና ቁጠሪ፤ ሦስት ሊትር አካባቢ ይሆናል። ልኩ ከመጀመሪያው ትክክል ከነበረ መልሰሽ የምትጨምሪው የወጣውን ያህል ነው።

የማፍሰሻውን ብሎን ፈትተሽ ስትጨርሺም ኮፓው፣ ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ውስጥ ዘይት ይቀራል፤ ስለዚህ የኮፓውን ብሎኖች ከአንድ ጥግ ጀምረሽ አላሊና ቀስ ብሎ ይውረድ። እዚህ ላይ አትቸኩዪ፤ የካምቢዮውን ጤና የምታነቢው ከኮፓው ነው። ወለሉ ላይ ማግኔቶች አሉ። ግራጫና ለስላሳ ጭቃ ከለበሱ የተለመደ መበላት ነው፤ ጠርገሽ መልሻቸው። በጣትሽ የሚያዝ የብረት ስብርባሪ ካገኘሽ ግን ውስጡ የተሰበረ ነገር አለ ማለት ነው። ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ አንጠብጥቢ፤ ቀይ ከሆነ ደህና ነው፣ ቡናማ ከሆነ አርጅቷል፣ ጠቁሮ የተቃጠለ ሸራ ከሸተተ ሸራዎቹ ማለቅ ጀምረዋል። ይህን ሌላ ሰው አይቶ እንዲነግርሽ አልፈልግም፤ በዓይንሽ ካየሽ ማንም ጋራዥ ውስጥ ሊያስፈራራሽ አይችልም።

ፊልትሮው በጥቂት ብሎኖች ከላይ ታስሯል፤ ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል በወጡበት ቅደም ተከተል ደርድሪያቸው። ጎማ ቀለበት ካለው አሮጌው ውስጥ እንዳይቀር ተመልከቺ። የድሮውን ጋስኬት ስታነሺ አሉሚኒየሙን በካቻቢቴ አትፋቂ፤ ክር በሚተው ጨርቅም አታጽጂ። ኮፓውን ስትመልሺ ብሎኖቹን በመስቀልያ፣ በትንሽ በትንሹ አጥብቂ። ከ10 ኒውተን ሜትር በታች ነው የሚፈልጉት፤ ጉልበት ካበዛሽ ቆርቆሮው ይጣመምና ያፈሳል።

ስለ ዘይቱ ዓይነት ባለሱቁ «ሁሉም ቀይ ነው፣ አንድ ነው» ቢልሽ አትስሚ። የእኛ ኮሮላ በፈረንጅ 2004 የተሠራች፣ ባለ አራት ማርሽ ናት፤ የምትፈልገው ቶዮታ ታይፕ ቲ-ፎር ነው። ደብሊው-ኤስ የሚባለው ቀጠን ያለ ነውና ለእሷ አይሆንም። ሲቪቲ ካምቢዮ ያላት ቪትዝ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ዘይት ነው የምትወስደው። መለኪያ ዘንግ የሌላቸው አዳዲስ መኪኖች ልካቸው በሙቀት መለኪያ ስለሚታይ እነሱን በግቢ አትንኪ።

ዘይቱን በመለኪያ ዘንጉ ቀዳዳ ከጨመርሽ በኋላ ሞተሩን አስነሺ፤ ፍሬን ይዘሽ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል በየቦታው እያቆምሽ አሳልፊና ወደ ፒ መልሺ። ጥቂት ነድተሽ ስትሞቅ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ «ሆት» በሚለው ምልክት ልኩን እዪ። አታትረፍርፊ፤ ዘይት ሲበዛ አረፋ ይሠራና ግፊቱ ይወድቃል።

በዚህ የሚወጣው ከግማሽ በታች ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ኮፓውን ሳታወርጂ አፍስሺና እንደገና ሙዪ። በማሽን ግፊት እናጥበው የሚሉሽን ለረጅም ጊዜ ሳይቀየርለት በቆየ ካምቢዮ ላይ እሺ አትበዪ። «አዲስ ዘይት ካምቢዮ ይገድላል» የሚባለውም የመጣው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ከተቃጠለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ የሚወርዱ አሉ፤ አንቺ በዲ ውረጂ። መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቆምብሽም የፊት ጎማዎቿ መሬት ነክተው እንዳይጎትቷት፤ ሞተሩ ሲጠፋ የካምቢዮው ፓምፕ አይዞርምና ዘይት ሳይደርሳቸው ብረቶቹ ይፋጫሉ። በመኪና ተጭና ትምጣ።

ባቱ ላይ የወጣውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፊ። ደምበል ሐይቅ አጠገብሽ ነው፤ ሰው ዓሣ ያጠምድበታል፣ ይጠጣዋልም። በጀሪካን ዘግተሽ የተቃጠለ ዘይት ለሚያጠራቅም ጋራዥ ስጪ።

የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር በዚህ ወረቀት ጀርባ ጻፊና ከማንዋሉ ጋር መሳቢያው ውስጥ አስቀምጪው። ሁለተኛውን ስትቀይሪ ዘይቱን ነጩ ጨርቅ ላይ ፎቶ አንሺና በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ከቅዳሜው ጋር አስተያያለሁ።

አባትሽ