ለሜዳ ሙሌት የዋሉ ፊልሞች

በ1978 በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ጥግ በምትገኘው ዳውሰን ሲቲ አንድ ኤክስካቫተር ለአዲስ መዝናኛ ማዕከል መሬት ሲቆፍር፣ ከአፈሩ ጋር ብዙ የፊልም ጥቅል ዝቆ አወጣ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው ቆመ፣ ባለሙያ ተጠራ። ተለቅሞ ሲያልቅ 533 ጥቅል ሆነ። አብዛኞቹ በ1910ዎቹ የተሠሩ ድምፅ አልባ ፊልሞችና የዜና ፊልሞች ነበሩ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ጠፍተዋል ተብሎ ተስፋ የተቆረጠባቸው፣ ሌላ ቅጂ ያልተገኘላቸው ናቸው።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ምስጋናውን ለበረዶው ይሰጣሉ። እርግጥ በማይቀልጥ መሬት ውስጥ መቀበራቸው ጠቅሟቸዋል። ግን ፊልም በእግሩ ሄዶ ጉድጓድ አይገባም። እዚያ ያስገባቸው የጭነት ሂሳብ፣ የአንድ ባንክ ጣጣና ያልተስተካከለ የሆኪ ሜዳ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከከተማዋ መጀመር ይሻላል።

ዳውሰን የወርቅ ልጅ ናት። በነሐሴ 1896 በአቅራቢያዋ ካለ ጅረት ወርቅ ተገኘ፤ በ1898 ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተጨናነቀባት። ቦታው ባዶ አልነበረም። በሁለቱ ወንዞች መገናኛ፣ ዩኮንና ክሎንዳይክ በሚገጥሙበት፣ ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ የነበሩት የትሮንዴክ ህዌቺን ሰዎች ግርግሩ ሲበዛባቸው በአለቃቸው በአይዛክ መሪነት ወንዙን ተከትለው ወረዱና ሙስሃይድ በሚባል ስፍራ ሰፈሩ።

መጤው ሕዝብ ከእህሉ ይልቅ ወሬ የራበው ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ወንዙ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በረዶ ነው፤ መርከብ የለም፤ ፖስታው በውሻ በሚጎተት ሸርተቴ ነው የሚመጣው። በ1898 አንድ ሰው የቆየ የአሜሪካ ጋዜጣ ይዞ ደርሶ በእሳት ዋጋ እንደሸጠው፣ የገዛውም ሰው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ከርዕስ እስከ ማስታወቂያ ጮክ ብሎ እያነበበ መግቢያ እንዳስከፈለ ይተረካል። ያ ሕዝብ ገንዘቡን ከፍሎ የሰማው ዜናውን ብቻ አልነበረም። የሩቅ አገር ሱቅ የጫማ ዋጋም ለናፈቀ ሰው ዜና ነው። በዚያው ዓመት ከተማዋ የራሷን ጋዜጦች ማተም ጀመረች።

የመድረክ ጨዋታውም እንዲሁ ደርቶ ነበር። በኋላ በአሜሪካ ምዕራብ ብዙ ቲያትር ቤቶች የገነባው አሌክሳንደር ፓንቴጅስ ሥራውን የተማረው ዳውሰን ውስጥ ነው። ሆሊውድ ውስጥ በ1927 የተከፈተውን ታዋቂውን የቻይና ቲያትር ያሠራው ሲድ ግራውማንም በልጅነቱ በዳውሰን ጎዳና ጋዜጣ እየዞረ ሸጧል። ሆሊውድ ገና እርሻ በነበረበት ጊዜ የነገዎቹ ባለ ሲኒማ ቤቶች በዚያ ጭቃ ውስጥ ሰው ለመዝናናት ስንት እንደሚከፍል ይማሩ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወርቁ ቀጠነ። ቀሪውን ወርቅ ኩባንያዎች በማሽን መልቀም ሲጀምሩ ባለ አካፋው ሰው ሄደ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከተማዋ ውስጥ የቀረው ወደ አንድ ሺህ ሰው ነበር። ሲኒማ ዳውሰንን የያዛት እየተራገፈች ባለችበት በዚህ ጊዜ ነው። የከተማዋ አማተር አትሌቲክስ ማኅበር መዋኛ ገንዳ፣ የበረዶ ሜዳና አዳራሽ ነበረው፤ ፊልሙም በዚያ አዳራሽ ይታይ ጀመር።

ዳውሰን የፊልም መንገድ ማለቂያ ናት። አንድ ቅጂ በትልልቅ ከተሞች ተጀምሮ ከሲኒማ ቤት ሲኒማ ቤት እየተላለፈ፣ እየተፋቀና እየተቀጠለ፣ ዳውሰን ሲደርስ ሁለትና ሦስት ዓመት ያልፈዋል። ከተማዋ ግን ከ1901 ጀምሮ ከደቡብ ጋር የሚያገናኛት ቴሌግራፍ ነበራት። ስለዚህ የዳውሰን ሰው የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ወሬ ትኩሱን ይሰማል፤ ምስሉን የሚያየው ግን ወሬው ከበረደ በኋላ ነው። የሞተው ወታደር ዜና ከደረሰ በኋላ ያው ወታደር ከጓደኞቹ ጋር ሲሰለፍ የሚታይበት ፊልም ሊመጣ ይችላል።

አሁን ባለው ዓይን ይህ መዘግየት ያሳዝናል። የሚያሳዝን ግን ላይሆን ይችላል። ለትንሽ ከተማ ሰው ሲኒማ ቤት የሚሄደው ፊልሙ አዲስ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን በሰሜን አሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ብዙ አዳራሾች አንድ የማሳያ ማሽን ብቻ ነበራቸው። አንዱ ጥቅል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ታይቶ ያልቃል፤ ቀጣዩ እስኪገባ በመስታወት ላይ የተሣለ ማስታወቂያ በሸራው ላይ ይበራል። ወይዛዝርት ባርኔጣቸውን እንዲያወልቁ ይለመናሉ። የሥጋ ቤቱ ስም ይመጣል፣ የልብስ ሰፊው ይከተላል፣ ሐኪሙ ይፈለጋል። ፒያኖ መቺዋ የጎረቤት ልጅ ናት። ማንበብ ለማይችለው ሰው አጠገቡ ያለው ጽሑፉን ያነብለታል፤ የሚቆጣም አለ። ድምፅ አልባ ይባል እንጂ ያ አዳራሽ ጸጥ ያለበት ጊዜ የለም።

የጋዜጣውም ማስታወቂያ የዚህ ቅጥያ ነበር። የዛሬ ማታ ፊልም ስንት ጥቅል ነው፣ መግቢያው ስንት ነው፣ ከፊልሙ በኋላ ጭፈራ አለ ወይስ የለም። ከዚያው ሥር ደግሞ እገሌ ከእህቱ ዘንድ ተመልሷል፤ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ራት አዘጋጅተዋል፤ የእገሊት ላም ጠፍታለችና ያያት ይናገር። በዘመኑ የነበሩ የከተማ ጸሐፊዎች ይህን ዓምድ ይቀልዱበት ነበር፤ የገጠሬ ወሬ ነው እያሉ። ዛሬ አንድ ፊልም የት፣ መቼ፣ በስንት ዋጋ እንደታየ ለማወቅ የሚፈልግ የታሪክ ሰው የሚያገላብጠው ይህንኑ የተቀለደበትን ዓምድ ነው። ርዕሰ አንቀጹን ማንም አይጠይቀውም። ርዕሰ አንቀጽ ከየትኛውም ከተማ ቢመጣ አንድ ነው፤ የጠፋችው ላም ግን የዚያች ከተማ ብቻ ናት።

ወደ ጭነቱ ሂሳብ እንመለስ። አከፋፋዮቹ ያረጀ ፊልም ከዳውሰን ለማስመለስ የመጓጓዣ ገንዘብ ማውጣት አልፈለጉም። የካናዳ ንግድ ባንክ የዳውሰን ቅርንጫፍ የእነሱ እንደራሴ ስለነበር ጥቅሎቹ በእሱ ኃላፊነት በካርኔጊ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ይከማቹ ጀመር። ፊልሙ ናይትሬት ነው፤ ከባሩድ ጥጥ ጋር ዘመዳማች የሆነ ነገር። አንዴ ከተያያዘ ውኃ አያጠፋውም። ይህን ከመጻሕፍት በታች ማስቀመጥ ዛሬ ቢሆን ያሳስራል።

በ1929 ቦታው ሞላ። የባንኩ ሰው ክሊፎርድ ቶምሰን ፊልሙን እንዲያስወግድ ሲታዘዝ፣ በዚያው ጊዜ የከተማዋ ሆኪ ማኅበር ገንዘብ ያዥም ነበር። (ሆኪን በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ገና በሉት።) ማኅበሩም የራሱ ችግር ነበረበት። በክረምት ሜዳው የሚሠራው በመዋኛ ገንዳው ላይ ስለነበር መሐሉ ላይ በረዶው አይስተካከልም። ቶምሰን ሁለቱን ችግር አንድ ላይ ፈታ። ጥቅሎቹ ወደ ገንዳው ገቡ፣ አፈር ለበሱ፣ በላያቸው በረዶ ተነጠፈ፣ ልጆች ተጫወቱ። በከተማዋ የቀረው ሌላው ፊልም ዕድል አልቀናውም፤ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ከፊሉ ተቃጠለ፣ ከፊሉ ዩኮን ወንዝ ውስጥ ተጣለ።

ቶምሰን ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ፊልም ቀበረ። ግን የፊልሞቹ ባለቤቶች ምን አደረጉ? ዩኒቨርሳል በእጁ የቀሩትን ድምፅ አልባ ፊልሞቹን በ1948 ሆን ብሎ አስወገደ። የፎክስ ፊልሞች በ1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ መጋዘናቸው ሲቃጠል አብዛኞቹ ዐመድ ሆኑ። ሌላው ደግሞ በውስጡ ላለው ብር ሲባል ቀለጠ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ያወጣው ጥናት ከ1912 እስከ 1929 ከተሠሩት ወደ 11 ሺህ ከሚጠጉ የአሜሪካ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች በመጀመሪያ መልካቸው ሙሉ ሆነው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ይናገራል። 70 በመቶ ያህሉ ጨርሶ የለም። ባለሀብቱ ያቃጠለውን ባለ ሆኪው ደበቀው፤ ሳያውቅም ቢሆን።

ዳውሰን ብቻዋን አይደለችም። በሰሜን እንግሊዝ ብላክበርን ከተማ ሳጋር ሚቸልና ጄምስ ኬንየን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሠራተኛ ከፋብሪካ በር ሲወጣ ይቀርጹ ነበር። የሥራቸው ብልኃት ቀላል ነው። ቀን ሕዝቡን መቅረጽ፣ ማታ «ኑና ራሳችሁን እዩ» ብሎ በማስታወቂያ መጥራት። የራሱን ፊት በሸራ ላይ ለማየት የማይከፍል ሰው የለም። ለዚያም ነው ካሜራው በሩ ላይ ቆሞ በተቻለ መጠን ብዙ ፊት የሚለቅመው፤ ጥበብ ሳይሆን የቲኬት ሂሳብ ነው። በ1994 ሠራተኞች የድሮውን ሱቃቸውን ምድር ቤት ሲያጸዱ በብረት በርሜሎች ውስጥ ከ800 በላይ ጥቅል አገኙ። ለአንድ ምሽት ገቢ የተቀረጸ ነገር ዛሬ የዚያን ዘመን ሠራተኛ ሕዝብ አረማመድ፣ ልብስና ሳቅ የሚያሳይ ወደር የሌለው ሰነድ ሆኗል።

በአዲስ አበባም ያው ድምፅ አልባ ፊልም በታየበት ዘመን ሕዝቡ ሲኒማ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ስሙ እስከ ዛሬ ይነገራል። ለሲኒማ ቤቱ ከዚያ የተሻለ ማስታወቂያ ማንም ከፍሎ ባላሠራለት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ግን የትኛው ፊልም በየትኛው ቀን ታየ፣ ማን ገባ፣ ስንት ተከፈለ፣ ማን ተረጎመ የሚለውን ከስሙ ማውጣት አይቻልም። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1925 ነው፤ የዚያን ዘመን ጥራዝ የሚገልጥ ሰው ግን ዓይኑ የሚሮጠው ወደ ሹም ሽሩና ወደ አዋጁ ነው። በሰፈር ደግሞ ዋናው ጋዜጣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነበር፤ የእሱ ማስታወቂያ ከአፉ ሲወጣ ያልቃል።

አሜሪካ ራሷ ከ2005 ወዲህ ከጋዜጦቿ ከሲሶ በላይ አጥታለች፤ ከተዘጉት መካከል የትንንሽ ከተሞቹ ይገኙበታል። የጠፋችው ላም፣ የቤተ ክርስቲያን ራት፣ የማታው ፊልም ወደ ስልክ ተዛውረዋል። እዚህም ለቅሶው፣ የተከራይ ቤቱ፣ የማኅበሩ ስብሰባ በቴሌግራም ቡድን ይነገራል፤ ቡድኑን የከፈተው ሰው ስልኩ ሲጠፋ ወይም ቂም ይዞ ቡድኑን ሲዘጋው አብሮ ይሄዳል። የመንግሥት መግለጫ ግን አሥር ቦታ ተቀምጧል፤ ማንም ደግሞ አንስቶ ባያነበውም። ማከማቻው ለማን እንደሚከፈል መርጦ አያውቅም ማለት አይቻልም።

ለዳውሰን ጥቅሎች ማን እንደከፈለ ይታወቃል። ከመሬት ከወጡ በኋላ ወደ ኦታዋ መጓዝ ነበረባቸው፤ የሚያጓጉዝ ግን ታጣ፤ ናይትሬት ነውና ማንም መሸከም አልፈለገም። በመጨረሻ የካናዳ ጦር ሄርኩለስ አውሮፕላን ጫናቸው። የካናዳ ቤተ መዛግብትና የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተካፍለው በአዲስ ፊልም ላይ ገለበጧቸው። በዳርና ዳሩ ውኃ የገባበት ቦታ እንደ ነጭ ነበልባል ይርገበገባል፤ የዳውሰንን ፊልም ከሌላው ለመለየት ርዕሱን ማንበብ አያስፈልግም። ከዜና ፊልሞቹ በአንዱ፣ ተጫዋቾች ጉቦ ተቀብለው የተሸነፉበት የ1919 የአሜሪካ ቤዝቦል ፍጻሜ ይታያል። አከፋፋዮቹ እንቢ ያሉት የመመለሻ ጭነት በዚህ መንገድ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተከፈለ፤ በሕዝብ ገንዘብ፣ በጦር አውሮፕላን።