የዓመቱ ምርጥ ተገጣጣሚ መጫወቻዎች፣ ከመሐል ሜዳ

ፈረንጆች ዓመታቸውን ሊዘጉ ሲሉ የማይተውት አመል አላቸው፡፡ የዓመቱ ምርጥ መጽሐፍ፣ የዓመቱ ምርጥ ፊልም፣ የዓመቱ ምርጥ ምናምን እያሉ መደርደር፡፡ አንድ ወዳጃችን (ሠላሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፣ ትዳር የለውም፣ ሌጎ ግን አለው) ይህን አመል ቀድቶ ባለፈው ታኅሣሥ «የ2025 አምስት ምርጥ የሌጎ ስብስቦቼ» የሚል ዝርዝር ላከልን፡፡ አጎቱ ከአሜሪካ በመጣ ቁጥር አንድ ካርቶን ያስመጣል፡፡ ባዶ ካርቶኑን እንኳ አይጥልም፡፡ ከዝርዝሩ ሥር «የእናንተስ?» ብሎ ጽፏል፡፡

የእኛማ ዓመት የሚያልቀው በጳጉሜን ነው፡፡ ግን ለገና መንዝ ለመሄድ ሻንጣ እየሸከፍን ስለነበር «ታገሰን፣ ከመሐል ሜዳ እናመጣልሃለን» አልነው፡፡ ይኸው አመጣን፡፡ በነገራችን ላይ «እኛ» የምንለው ብዙ ሆነን አይደለም፡፡ ታች የምትደርሱበትን ጥፋት ለብቻ መሸከም ከብዶን ነው፡፡

ሌጎን ለማታውቁ ባጭሩ፦ ዴንማርክ ውስጥ ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የሚባል አናጢ በ1932 እ.ኤ.አ. የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ፡፡ ስሙ በአገሩ ቋንቋ «ደህና ተጫወት» ከሚሉ ሁለት ቃላት ተቆርጦ የተቀጠለ ነው፡፡ ዛሬ የምናውቀው የፕላስቲክ ጡብ የመጣው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዚያን ዓመት ጡብ ብታገኙ ከዘንድሮው ጋር ይገጥማል፡፡ ስምንት ስምንት ጉብ ያላቸው ስድስት ጡቦች ብቻ በ915,103,765 ዓይነት መንገድ ይገጣጠማሉ፡፡ ወዳጃችን ይህችን ቁጥር በቃሉ ያውቃታል፡፡ ከካርቶኑ ሥዕል ውጪ ግን አንድም ቀን ገጥሞ አያውቅም፡፡ (ይህን ስንነግረው ይቆጣል፤ ይቆጣ፡፡)

ወደ ዝርዝራችን፡፡ ከታች እንጀምር፡፡

የአገዳ መኪና፡፡ ይሄኛው እንኳ የመንዝ አይደለም፡፡ መንዝ ብርድ ነው፣ የገብስ አገር ነው፡፡ ኅዳር ላይ ለቅሶ ልንደርስ ወደ መርሐቤቴ ቆላ ወርደን ነው ያየነው፡፡ ማሽላው ሲቆረጥ ልጆች አገዳውን ይወስዱና በጥርሳቸው ይልጡታል፡፡ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ነው፣ ልጣጩ ደግሞ ጠንካራና ሹል፡፡ ስለዚህ ውስጡ እንጨት ይሆናል፣ ልጣጩ ሚስማር፡፡ አንድ አገዳ ግንዱንም ሚስማሩንም ይዞ ነው የሚመጣው ማለት ነው፡፡ የትኛው ካርቶን ነው እንዲህ የሚታሰብለት? ከዚህ መኪና ይወጣል፣ መነጽር ይወጣል፣ ሞፈርና ቀንበር ይወጣል፡፡ አንድ ጉድለት አለው፡፡ ፍየል ይበላዋል፡፡

የጭቃ ከብት፡፡ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አናደክማችሁ፡፡ ከዋልካ አፈር፣ ቀንዱ እሾህ፣ ጅራቱ የበግ ጠጉር፡፡ ፀሐይ ላይ ይሰነጠቃል፡፡ ዘንድሮ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ጭቃው ላይ ጭድ ስትጨምር አየንና «ማን አሳየሽ?» ብንላት «ግድግዳው» አለችን፡፡

የድንጋይ ቤት፡፡ መንዝ ሄዳችሁ ከሆነ የትልልቆቹን ቤት አይታችኋል፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ድሮ ሣር ዛሬ ዛሬ ቆርቆሮ፡፡ ልጆቹ ደግሞ ከብት በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ ቤት ይሠራሉ፡፡ ሸክላ አይደለም፣ ሲሚንቶ የለም፣ ጭቃም የለም፡፡ ትልቁ ድንጋይ ከታች፣ ጠጠሩ በየስንጥቁ፡፡ ያየነው ቤት በረት ነበረው፣ በረቱ ውስጥ የላይኞቹ የጭቃ ከብቶች ገብተዋል፡፡ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው፡፡ ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው፤ ቦታው ከመሐል ሜዳ ብዙም የማይርቅ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ደጋ፡፡ የአካባቢው ሰው «ቀሮ» በሚባል የራሱ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ ነው፡፡ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲፈቀድ ይታጨዳል፤ ለክዳን፣ ለገመድ፡፡ «ይሄ ሣር ከጓሳ ነው የመጣው?» ብለን ትንሽ ፈራ ተባ እያልን ስንጠይቅ ልጆቹ እንደ ሌባ ስላየናቸው ተቀየሙን፡፡ ከአሮጌ ክዳን የወረደ ነው፡፡ ሕጉን ከእኛ በላይ ያውቁታል፡፡

ከዝርዝሩ ያስወጣነውም አለ፡፡ የእንጨት ካላሽ፡፡ ድሮም ነበረ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ዝርዝሩ ከሚገባው በላይ ትክክል ሆኗል፡፡ ማንገቻው በቦታው ነው፣ ካዝናው ይወልቃል፣ ይገባል፡፡ አሠራሩን ብቻ ካያችሁ አንደኛ ነው፡፡ እኛ ግን መንገዱ ክፍት መሆኑን ሦስት ቦታ ደውለን አጣርተን፣ ጣርማ በር ላይ የደሴን መንገድ ትተን ወደ ግራ ስንታጠፍ ሆዳችን እየተሸበረ የመጣን ሰዎች ነን፡፡ ነጥብ አልሰጠነውም፡፡

አሁን አንደኛው፡፡

ሲኖትራክ፡፡ የሠራው የአክስታችን ልጅ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመቱ፣ አራተኛ ክፍል፡፡ አካሉ የማሰሪያ ሽቦ፣ ጭነቱ የዘይት ቆርቆሮ፡፡ ቆርቆሮው ከኋላው በኩል ብቻ ስለታሰረ ከፊት ያለችውን ሲባጎ ስትስቡ ይነሳል፣ አሸዋውን ይደፋል፡፡ ብየዳ የለም፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ከባጃጅ ጎማ በወጣ ላስቲክ ተጠፍሯል፡፡ መሪው እስከ ደረቱ የሚደርስ ረጅም ሽቦ ነው፣ ጫፉ ተጠማዞ ክብ ሆኗል፡፡ ታችኛው ጫፍ የፊት ጎማዎቹን ከያዘው ሽቦ መሐል ላይ ታስሯል፡፡ ክቡን ስታዞሩ ጎማው ይዞራል፡፡ እውነቱን ስንናገር ይህን ለመረዳት ተንበርክከን ሦስት ጊዜ አይተነዋል፡፡ ጎማዎቹ ደግሞ አሥር ናቸው፣ ሁለት ከፊት፣ ስምንት ከኋላ ጥንድ ጥንድ፣ ልክ እንደ ትልቁ፡፡ ከሸበጥ ጫማ ሶል ተቆርጠው በድንጋይ ላይ ተሞርደው የተስተካከሉ፡፡

ይህን መኪና መጀመሪያ ያየነው በ2017 ዓ.ም. ገና ነበር፡፡ አየን፣ ተገረምን፣ ፎቶ አነሳን፣ ጻፍን፡፡ ጋዜጠኝነት ተመርቀን ገና አንድ ዓመታችን ነው፣ እጃችን ይበላናል፡፡ ርዕሱ «የመንዙ ትንሹ መሐንዲስ» ነበር፡፡ «ከወዳደቀ ዕቃ» የሚል ሐረግም አለበት፤ ወደነዋል መሰለን፣ ሁለት ጊዜ ተጠቅመንበታል፡፡ ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፡፡ አንዲት አንባቢም ከውጭ አገር «እስቲ ለዚህ ልጅ እውነተኛ መጫወቻ ግዙለት» ብላ ገንዘብ ላከች፡፡

ገዛን፡፡ መርካቶ ነው፣ ሌጎ አይደለም የሌጎ ታናሽ ወንድም የሚመስል ነው፡፡ ካርቶኑ ላይ ቢጫ ክሬን ተሥሏል፡፡ ዘንድሮ ለገና ከጭነታችን ላይ እንደ ጽላት ተጠንቅቀን ይዘነው ወጣን፡፡

ልጁ ካርቶኑን ከፈተ፡፡ የማስረጃ ሥዕሉን እያገላበጠ በሶላር መብራት አንድ ማታ ሲገጥም አመሸ፡፡ መንጠቆውን የምትይዝ አንዲት ፍሬ ከካርቶኑ ጎድላለች (የመርካቶ ነገር)፤ በሽቦ ተካት፡፡ ጠዋት ክሬኑ መደብ ላይ ቆሟል፡፡ በማግሥቱም ቆሟል፡፡ በሦስተኛው ቀንም ቆሟል፡፡

«ምነው አትጫወትበትም?» አልነው፡፡

«አለቀ እኮ፣ እትዬ፡፡»

«ሲኖትራኩስ አላለቀም?»

«እሱማ መቼ ያልቃል! ጎማው ተበልቷል፣ ጎማ ይፈልጋል፡፡»

እህቱ እንጀራ እየጋገረች ነበር፡፡ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፡፡ ከምጣዱ ቀና ሳትል «የማንን ሊቆርጥ ነው ደግሞ?» አለች፡፡

አክስታችን ሳቀች፡፡ ልጁ መሬት መሬት አየ፡፡ እኛ ብቻ አልገባንም፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አሥሩ ጎማዎች የወጡት ከእህቱ ሸበጥ ነው፡፡ ያረጀ አልነበረም፡፡ ውኃ ልትቀዳ በባዶ እግሯ በወረደችበት አንድ ከሰዓት ቆረጠው፤ ከአንድ ጥንድ አሥር ጎማ፡፡ ከዚያ በኋላ ጥርን፣ የካቲትን፣ መጋቢትን ትምህርት ቤት የሄደችው በባዶ እግሯ ነው፡፡ የመንዝን የጥር ጠዋት ለማታውቁ፣ ሣሩ ላይ አመዳይ ይጥላል፤ እኛ በካልሲና በቡትስ ሆነን ነው የተንዘፈዘፍነው፡፡ አክስታችን ለፋሲካ በግ ሲሸጥ ሌላ ገዛችላት፡፡

«ለምን አልነገርሽንም?» አልናት፡፡

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አለች፡፡

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት እያልን ለፈተና በቃላችን አጥንተናል፡፡ ስለ መኪናው ሁሉንም ጠይቀን ነበር፤ ሽቦው ከየት፣ ቆርቆሮው ከየት፣ ላስቲኩ ከየት፡፡ ጎማው ላይ ስንደርስ ሶሉን አይተን «አሮጌ ጫማ» ብለን ራሳችን መለስን፡፡

ማታ ስልካችን ውስጥ የዚያን ቀን ፎቶ ፈለግን፡፡ ጽሑፉ ላይ የወጣው ልጁና መኪናው ብቻ የሚታዩበት ነው፡፡ ዋናው ግን ሰፋ ይላል፡፡ በስተቀኝ ጠርዝ ላይ የእንስራ ጥላ አለ፣ ከጥላው ሥር ሁለት ባዶ እግሮች፡፡ ለፎቶው ውበት ብለን ቆርጠናቸዋል፡፡

ጽሑፉን አንብባዋለች ለካ፡፡ አንድ አስተማሪ ከስልኩ ላይ ለክፍሉ ሁሉ አንብቦላቸው ነበር፤ ልጆቹ አጨበጨቡ፣ ወንድሟ «መሐንዲስ» ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል፡፡ እሷ ያስታወሰችው አንዲት ሐረግ ነው፡፡

«‹ከወዳደቀ ዕቃ› ይላል» አለችን፡፡ «የኔ ጫማ ወድቆ አልነበረም፡፡ ደጃፍ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት፡፡»

ይቅርታ ጠየቅን፡፡ ጫማ እንግዛልሽ አልን (ሰው ሲያፍር ኪሱ ውስጥ ነው እጁን የሚከተው)፡፡ እግሯን አሳየችን፤ ጫማ አላት፡፡ «ታዲያ ምን እናድርግልሽ?» ብንላት ትንሽ አሰበችና «ጻፊው» አለች፡፡

«ምኑን?»

«የማን እንደነበረ፡፡»

መኪናውን ከአንደኝነት አላወረድነውም፡፡ መሪው አሁንም ይዞራል፣ ጭነቱ አሁንም ይደፋል፣ ቦሌ ካሉት አምስቱ ካርቶኖች አንዱም ይህን አያህልም፡፡ ከሥሩ የሚጻፈው ስም ነው የተስተካከለው፤ ሠሪው ወንድሟ፣ የጎማው ባለቤት እሷ፡፡ ለወዳጃችን እንደዚሁ ብለን ላክንለት፡፡ «ጎማ ከሌጎ ልላክለት?» ብሎ መለሰ፡፡ ደግነቱ ነው፡፡ አሥር ጎማ እንዲልክ ነግረነዋል፣ እስካሁን ከየትኛው ስብስብ እንደሚነቅል መወሰን አልቻለም፡፡

ወደ አዲስ አበባ የምንመለስበት ቀን ጠዋት አክስታችን በር ለበር ስትንጎዳጎድ ነቃን፡፡ የጀሪካን ክዳን ጠፍቶባታል፡፡ አንድ አይደለም፣ አራት፡፡ የውኃው፣ የጠላው፣ የዘይቱና የላምባው፡፡ ከጓሮ በኩል ድንጋይ ላይ የሆነ ነገር ሲሞረድ ይሰማል፡፡ ልጅቱ ደጃፍ ላይ ጫማዋን እያጠለቀች ቀና ብላ አየችን፡፡

«ይሄንንም ጻፊው» አለች፡፡