የእናት ገመና እና የልጅ ዱላ



የወላጅ ሐቅ ሲነሳ ሁላችንም ሱረቱል ኢስራእን እናስታውሳለን። በወላጅ ላይ የመሰልቸት ድምፅ ማሰማት እንኳ እንደተከለከለ ከልጅነታችን ጀምሮ ቀርተናል። ወላሂ፣ መስጂድ የምናገለግል ሰዎች የምንሰማው ግን ከዚያ በጣም ያለፈ ነው። ሱስ የያዘው ልጅ የእናቱን የጡረታ ብር ከእጇ ይነጥቃል። «የቤቱን ካርታ በስሜ አዙሪ» ብሎ ይገፈትራታል።

በቅርቡ አንዲት እናታችን ከዐስር ሶላት በኋላ መጡ። እጃቸው አብጧል። «ወድቄ ነው» አሉን። ትንሽ ቆይተው አለቀሱ። «ልጄን ላሳስረው እንዴ? ሰውስ ምን ይለኛል?»

ገመናን መሸፈን ከዲናችን ነው። ዙልምን ሸፍኖ ማቆየት ግን ሌላ ነው። እኛም ብዙ ቤት ገብተን እናስታርቃለን፤ ልጁ ጉልበት ስሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ማታ የሚገባው ግን እዚያው ቤት ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ በር ላይ አያድርም። «ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሂድ» የሚሉም አሉ። በአዋጅ 188/1992 የተሰጠው ሥልጣን እንደ ኒካሕ፣ ውርስ፣ ወቅፍና ሂባ ላሉ ጉዳዮች ነው። ድብደባ የፖሊስ ጉዳይ ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 556 ተጎጂው በሽተኛ፣ ደካማ ወይም ራሱን መከላከል የማይችል ሲሆን ቅጣቱን ያከብደዋል። ለእናቶች ብዙ ጊዜ የማይነገራቸው ነገር አለ፦ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለውን ሁሉ ወህኒ አያወርድም። ቅጣቱን በገደብ ሊያቆየው ይችላል። ልጁ ቤቱ እያደረ በገደቡ ጊዜ እንደገና እጁን ቢያነሳ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዳይን የምንረዳው ከበደሉ በመከልከል እንደሆነ አስተምረውናል። እናታችን ይህን ሲሰሙ ነው ሕክምና ለመሄድ የተስማሙት።

እብጠት በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ በዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው፤ «ወድቄ ነው» እንዳይሉ አበረታቷቸው፤ የሕክምና ማስረጃው ለፖሊስ ያስፈልጋል። ጩኸቱን በግድግዳ የሰማችሁ ጎረቤቶች ደግሞ ምስክር ናችሁ። «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብላችሁ ቃል ከመስጠት አትሽሹ፤ ሱረቱ ኒሳእ በቅርብ ዘመድ ላይ እንኳ ቢሆን በእውነት እንድንመሰክር ያዘናል።

ፖሊስ ጣቢያ ብቻቸውን መግባት የከበዳቸው እናት ወይም አባት ካሉ ከዙህር በኋላ መስጂድ እንገኛለን። ኢንሻአላህ አብረን እንሄዳለን።