ከሾላ ገበያ ተነሥተን ልጆቻችንን ወዴት እንውሰድ?

ልጅን አብልቶ፣ አልብሶና አስተምሮ ማሳደግ የወላጅ ግዴታ መሆኑን የማያውቅ የለም። ልጅን ማጫወት ግን ግዴታ ነውን? ይህ ጥያቄ ሲነሣ ብዙዎቻችን ፈገግ ብለን እናልፈዋለን። ጨዋታ እንደ ቡና ቁርስ፣ ቢገኝ መልካም፣ ቢታጣም የማይጎዳ ነገር መስሎ ይታየናል። ይሁን እንጂ ሕፃን በጨዋታ ውስጥ እጅና እግሩን ያጠነክራል፤ ተራ መጠበቅን፣ ተሸንፎ መሣቅን፣ የባልንጀራውን ፈቃድ ማክበርን ይማራል። ይህን ሁሉ በአንዲት ክፍል ውስጥ ከግድግዳና ከቴሌቪዥን ጋር ተፋጦ ውሎ ሊማረው አይችልም።

በሾላ ገበያ አካባቢ የምንኖር ቤተሰቦች ነገሩ በቶሎ ይሰማናል። ሾላ የዛፍ ስም ነው፤ ቅርንጫፉ የሰፋ፣ ጥላው የበዛ ዛፍ ነው። በስሙ በሚጠራው ገበያ ግን ጥላ የሚገኘው ከሸራና ከቆርቆሮ ሥር ነው። በበዓል ዋዜማ ቅቤው፣ በርበሬው፣ ሽንኩርቱና ዶሮው መንገዱን ሞልቶት፣ ተሸካሚውም ጆንያውን በትከሻው አድርጎ «ዞር በሉ!» እያለ ሲመጣ፣ ልጅ እጁን ከእናቱ እጅ ማላቀቅ አይቻለውም። የጉልት ነጋዴዋ ትንሽ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከእናቷ አጠገብ በጆንያ ላይ ተቀምጣ ይመሽባታል። ከገበያው ጀርባ ያሉት ግቢዎች ጠባብ ናቸው፤ በፎቅ ላይ የሚኖረውም ልጅ መሬት የሚረግጠው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድና ሲመለስ ብቻ ነው።

እኔ የ3 ልጆች አባት ነኝ። ታላቁ 12፣ መካከለኛዋ 8፣ ትንሹ 4 ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴም ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ለሽርሽር ሲወጣ 6 ሰው ሆኖ ነው። በእሑድና በበዓል ቀን እየተዘዋወርን ያየናቸውን ቦታዎች፣ ለሌላው ወላጅ ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት፣ ከ5ኛው ጀምሬ ወደ 1ኛው በተራ አስቀምጬአቸዋለሁ።

ደረጃ ለመስጠት መለኪያ ያስፈልጋልና አራት መለኪያዎችን ያዝሁ። መጀመሪያው፣ ከቤታችን ምን ያህል ይርቃል? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ 6 ሰው ገብቶ ሲወጣ ለወሩ አስቤዛ የተቀመጠውን ገንዘብ ይነካልን? ሦስተኛው፣ ውኃ፣ ጥላና መጸዳጃ አለውን? አራተኛው፣ አያት ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን በዐይናቸው ሊከተሉ ይችላሉን? ይህን የመጨረሻውን ከነቢዩ ከዘካርያስ ወሰድሁት። ነቢዩ በ8ኛው ምዕራፍ ስለ ኢየሩሳሌም መታደስ ሲናገር ምርኩዝ የያዙ አረጋውያንንና የሚጫወቱ ልጆችን በአንድ ከተማ አደባባይ አገናኝቶ ያሳየናል። አንደኛው ወገን ብቻውን የሚገኝበት ቦታ ለቤተሰብ ጎዶሎ ነው ማለት ነው።

በ5ኛ ደረጃ ያስቀመጥሁት ከመገናኛ እስከ ቦሌ ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ በገንዘብ የሚያጫውቱትን ቤቶች ነው። ጥቅማቸውን አልክድም፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሌት ተቀን ሲወርድ ልጅ ሳይረጥብ የሚሮጥበት ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። መጸዳጃቸውም ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ነገር ግን ጨዋታው በደቂቃ ይለካል። አንድ ቀን ትንሹ ልጄ ከኳሶቹ መካከል አልወጣም ብሎ ሲያለቅስ፣ እኛ ስናባብለው ያለፈው ጊዜ ተቈጥሮ ተጨማሪ ተከፈለበት። እናቴም በጩኸቱ ምክንያት ውጭ ባለ ወንበር ላይ ብቻቸውን ቆዩ። ሰዓት እየተቈጠረበት የሚጫወት ልጅ መጫወቱን ትቶ ማለቁን ማሰብ ይጀምራል።

4ኛው አንድነት ፓርክ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባሠሩት በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የሚገኘው ይህ ቦታ ለሕዝብ የተከፈተው መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ግብር ይበላበት የነበረውን አዳራሽና ዙፋን ቤቱን ያየ ልጅ፣ በመጽሐፍ ያነበበውን ታሪክ በዐይኑ ስላየው አይረሳውም። ልጆቹ ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ጋማው የጠቈረውን አንበሳ ነው። በ6 ኪሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ያቋቋሙትን የአንበሳ ግቢ እናቴ ያስታውሳሉና፣ እኔን በልጅነቴ አዝለው እንዴት እንደ ወሰዱኝ ለልጆቹ ይተርኩላቸዋል። የዚያ ግቢ አንበሶች ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች በዘር ልዩ መሆናቸውን የሚያመለክት የሳይንስ ጥናት በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሞአል። ታላቁ ልጄ ይህን በሰማ ጊዜ ደረቱን ነፋ። ታዲያ ይህን የመሰለ ቦታ ስለ ምን 4ኛ ሆነ? የመግቢያው ዋጋ በ6 ሲባዛ በዓመት ከአንድ ቀን በላይ አያስኬድምና ነው። ደግሞም ስፍራው የሚታይ እንጂ እንደ ልብ የሚሮጥበት አይደለም። ኳስ ይዞ የሚሄድበትም ቦታ አይደለም።

በ3ኛ ደረጃ የምናገኘው እንጦጦን ነው። የእንጦጦ ፓርክ የተመረቀው መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ተራራው ግን ለእኛ ቤተሰቦች አዲስ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነበር። ከሾላ ተነሥቶ በ4 ኪሎና በ6 ኪሎ አድርጎ በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ መውጣት ታክሲ መቀያየርን ይጠይቃል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ ልጆች ጥቂት ሮጠው ይደክማሉ፤ ብርዱም በቀትር እንኳ ስለማይለቅ ሹራብና ጋቢ ይዞ መውጣት ይገባል። ነገር ግን በባሕር ዛፉ መካከል ሲሄዱ ልጆች የሚያገኙት ነፃነት በከተማው ውስጥ የለም። ቅርፊት ይሰበስባሉ፤ ዱላ ይቈርጣሉ፤ «አንበሳ መጣ!» እያሉ ይሸሻሉ። እናቴም ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመው ከደጁ ጥላ ሥር ሲያርፉ ጉልበታቸውን ማማረር ይተዋሉ።

ከ10 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች ላሏቸው ደግሞ በእኛው በምሥራቁ በኩል፣ በየካ ተራራ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን ከእንጦጦ ጎን አስቀምጣለሁ። ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ጣሪያው ወድቋል። አቀበቱ በእግር ስለሚወጣ ለአያትና ለትንንሾቹ አይሆንም፤ በጉርምስና ዕድሜ ላለ ልጅ ግን ከአባቱ ጋር ግማሽ ቀን እየተጨዋወተ የሚጓዝበት መልካም መንገድ ነው። በቤት ውስጥ ተጠይቆ ዝም የሚል ልጅ፣ አቀበት ሲወጣ ሳይጠየቅ ብዙ ነገር ይናገራል።

2ኛውን ደረጃ ለወዳጅነት ፓርክ ሰጠሁ። ከአንድነት ፓርክ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ይህ መናፈሻ ጳጉሜን 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ተመረቀ። ሣሩ ሰፊ፣ መሬቱ ለጥ ያለ፣ መቀመጫው ብዙ ነው። በሰው እጅ የተሠራውን ሐይቅና ሽቅብ የሚፈናጠረውን ውኃ ልጆች ሳይሰለቹ ይመለከታሉ። ከመገናኛ 4 ኪሎ ድረስ በአንድ ታክሲ ከሄዱ በኋላ የሚቀረው ቁልቁለት ነው። አራተኛውን መለኪያዬን ከትልልቆቹ መናፈሻዎች ሁሉ በደንብ ያሟላው ይህ ነው፤ እናቴ ከአንዱ መቀመጫ ሳይነሡ ሦስቱንም ልጆች ሲጠብቁ ውለዋል። 1ኛ እንዳይሆን የከለከለው፣ ወደዚያ ለመሄድ አስቀድሞ ማሰብ፣ ልብስ መቀየርና ገንዘብ መያዝ ማስፈለጉ ብቻ ነው።

እንግዲህ 1ኛው የትኛው ነው? አንባቢ ሆይ፣ ስሙ የታወቀ ታላቅ መናፈሻ ትጠብቅ ይሆናል። እኔ ግን 1ኛውን ደረጃ የሰጠሁት ከቤታችን በእግር ለሚደረስበት፣ መግቢያ ለማይከፈልበት ትንሽ ቦታ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ከ4 ኪሎ በቀበና ወደ መገናኛ የሚመጣው መንገድ ታድሶ የእግረኛው መንገድ ሰፋ፤ የብስክሌት መስመር ተለየ፤ ማረፊያም ተሠራ። ወደ ማታ ፀሐይዋ ስትበርድ እናቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ከአንዱ መቀመጫ ላይ ያርፋሉ። ትንሹ ጎማ የሌለው መኪናውን ይገፋል፤ ሴቷ ልጄ በኖራ ሰኞ ማክሰኞ ትሥላለች፤ ታላቁም በተበደረው ብስክሌት ይመላለሳል። ለዚህ ሁሉ የምናወጣው ገንዘብ የአንድ እሸት በቆሎ ዋጋ ነው። እርግጥ ነው፣ መኪናው ቅርብ ስለ ሆነ ዐይን መንቀል አይገባም፤ በቀትርም ጥላው ያንሳል።

ደረጃውን የወሰነው አንድ ቀላል ስሌት ነው። ታላቁ መናፈሻ ልጄን በዓመት 1 ወይም 2 ቀን ያስደስተዋል። ቅርቡ ማረፊያ ግን በሳምንት 3 ቀን ብንወጣበት እንኳ በዓመት ከ150 ቀን በላይ ይሆናል። የልጅ እግር የሚጠነክረው፣ ጓደኛም የሚፈራው በዚህ በዘወትሩ ነው። አንድ ቀን የበላው ድግስ አያሳድገውም፤ የሚያሳድገው የየዕለቱ እንጀራ ነው።

ጓደኛን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሰፈራችን ሲለወጥ ከጎረቤቶቻችን አንዳንዶቹ ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። የ8 ዓመቷ ልጄ አብራት ቅልሞሽ ትጫወት የነበረችው ልጅም ከእነርሱ ጋር ሄደች። በዚያ ሰሞን አዲሱን ማረፊያ ላሳያት ስወስዳት ዙሪያውን ተመለከተችና «አባዬ፣ ከማን ጋር ነው የምጫወተው?» አለችኝ። ወዲያው የምመልሰው አጣሁ። ያን ጊዜ ከአራቱ መለኪያዎች የሚበልጥ አምስተኛ እንዳለ ተገነዘብሁ። ይኸውም በቦታው ባልንጀራ መኖሩ ነው። መንግሥትም ሆነ ባለሀብት መቀመጫና ዥዋዥዌ ሊሠራ ይችላል፤ ባልንጀራን ግን ልናመጣ የምንችለው እኛ ቤተሰቦች ብቻ ነን።

ደግሞም ልጆች የሚሮጡበት መሬት «ባዶ ነው» ተብሎ በቀላሉ ለሌላ ነገር እንደሚታሰብ ማስተዋል ይገባናል። ለምእመናን ሁሉ የታወቀው ጃንሜዳ እንኳ ይህ ደርሶበታል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ መጨናነቅን ለመቀነስ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛውሮ ነበር፤ ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሜዳው ተለቅቆ ተጸዳ። ጃንሜዳ ጥምቀትን የመሰለ ጠባቂ በዓል ስላለው ተመለሰ። በየሰፈሩ ያለችው፣ ልጆች የጨርቅ ኳስ የሚጫወቱባት ጠባብ ሜዳ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የላትም። ዛሬ አንድ መኪና ይቆምባታል፤ ነገ አሸዋና ድንጋይ ይራገፍባታል፤ በሦስተኛው ቀን ሜዳ እንደ ነበረች የሚያስታውስ ይጠፋል።

ስለዚህ ለወላጆች የማቀርበው አሳብ ወጪ የሌለበት ነው። በየመንደሩ ያለን ቤተሰቦች ተነጋግረን ከሠርክ በፊት አንድ ሰዓት ለልጆች ጨዋታ እንለይ። በዚያች ሰዓት መኪና ያለው መኪናውን ወደ ዳር ያድርግ። ወጣቶች የተሰበረ ጠርሙስና ሚስማር ይልቀሙ። አረጋውያን በርጩማቸውን አውጥተው ይቀመጡ፤ እነርሱ በተቀመጡበት ልጅ ይታረማል፤ እነርሱም ከብቸኝነት ይድናሉ። ታላላቆቹ መናፈሻዎችም ለበዓልና ለዕረፍት ቀን ይቆዩን፤ ገንዘብ ተጠራቅሞ ሲኬድባቸው ደስታቸው እጥፍ ነው።

በሚመጣው እሑድም ከቅዳሴ በኋላ ለሽርሽር ስንወጣ የራሳችንን ልጆች ብቻ ይዘን አንውጣ። ጎረቤቱ የሄደበትን ልጅ እንጥራው። ከገበያው ጉልት አጠገብ በጆንያ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ልጅም እናቷን አስፈቅደን አብረን እንውሰዳት፤ ሳይመሽም ለእናቷ እንመልሳት። አንድ ልጅ ስለ ተጨመረ የሚጎድልብን ነገር የለም፤ ለልጆቻችንም የጠፋባቸውን ባልንጀራ እናስገኝላቸዋለን።